ኩርንችት ነው

«ኩርንችት ነው» አሉ ጋሽ ሳሊህ።

ቆመው ነው ያሉት። ጎንበስ አላሉም። ከዘራቸውን ጥቁሩ አሸዋ ላይ ተክለው፣ እግራቸው ሥር ወዳለው ቢጫ ነገር አንገታቸውን አንዴ ብቻ ሰበር አድርገው ተናገሩ።

ከወለንጪቲ ወጣ ብሎ፣ ወደ መተሐራ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ተራራው በጥንት ዘመን የተፋው ጥቁር አሸዋ የተኛበት ሜዳ አለ። ዓመቱን ሙሉ በረሃ ነው። ዝናብ ሲነካው ለጥቂት ጊዜ ቢጫ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣና ተመልሶ ይጠቁራል። ያን ረቡዕ ጠዋት ሜዳው ላይ ከቆመው ሰው መሀል ሳቅ ተነሳ።

«ኩርንችት!» አለ ቶኩማ፣ የሹፌሮችና የረዳቶች ማኅበር ሰብሳቢ የሆነው ወጣት። «ሰማችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ከተረከዜ ስነቅለው የኖርኩትን ነው ዶክተርዬ ይታጠርልኝ የምትለው። እንዲያ ከሆነ የኔም ጫማ ይታጠር፤ ሶሉ ሞልቶበታል!»

ሰው ጫማውን እያነሳ እያሳየ ሳቀ። በዚያ አገር ኩርንችትን የማያውቅ የለም። መሬት ላይ ተለጥፎ የሚያድግ፣ ትንሽ ቢጫ አበባ ያለው አረም ነው። አበባው ሲረግፍ ፍሬው እሾህ ይሆንና የጫማ ሶል ይበሳል፣ የብስክሌት ጎማ ያስተነፍሳል። ማንም አይፈልገውም።

«በቃ፣ ሰው አናዋርድ» አለ ደገፋ። የመሬት ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ የሚሰማ ሰው። «ሑስና እህታችን ናት። የጠየቀችው ለትምህርቷ ነው፤ አያስነውርም። ሽማግሌ እንጠይቅ ተባባልን፣ ኦቦ ሳሊህ አይተው ተናገሩ። ከዚህ በላይ ምን አለ? ዓርብ እንፈራረማለን፣ ሰኞ ግሬደሩ ይገባል። ቦታው የከባድ መኪና ማቆሚያ ይሆናል።»

ጋሽ ሳሊህ የሑስናን ትንፋሽ ከጎናቸው ሰሙት። አንዴ ወደ ውስጥ ተሳበ፤ ሲወጣ ግን አልተሰማም።

ሑስና የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዕፅዋት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። አበባውን ያገኘችው እሷ ነች። ከማንኛውም ከምታውቀው ጋር አልመሳሰል ሲላት አንዱን ነቅላ፣ በጋዜጣ መሀል አድርቃ፣ አዲስ አበባ ለሚገኘው መምህሯ ላከችለት። «ከቆዩት ደረቅ ናሙናዎች ጋር ላስተያየው» አላት መምህሩ። «እንደጠረጠርሽው ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። መልስ እስክሰጥሽ መሬቱን እንዳይነኩት ለምኚ።» ለመነች። ኮሚቴው ደግሞ አገር የሚያምነው ሰው አይቶ የተለየ አበባ መሆኑን ይመስክር አለ። በቅጠል ጉዳይ አገር የሚያምነው ሰው የገዛ አባባዋ መሆናቸውን ስትሰማ ሑስና ደስ አላት። «እሳቸው ይምጡ!» ያለችው ራሷ ናት።

ጋሽ ሳሊህ የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከብት እየነዱ ቁልቁል መጥተው በዚያው ቀሩ። ከብት ነጂነት መንዳት ብቻ አይደለም። መንጋው አዲስ ሜዳ ላይ ከመሰማራቱ በፊት ነጂው ቀድሞ ገብቶ ሣሩን ያያል። አንድ ክፉ ቅጠል የሰባ በሬ ሆዱን ነፍቶ ይጥላል። እሳቸው አንድም በሬ እንዲህ ጥለው አያውቁም። መንዳቱን ትተው ወለንጪቲ ቤት ከሠሩ በኋላም ሰው ከጓሮው፣ ከማሳው፣ ከመንገድ ዳር ቅጠል እየነቀለ ይመጣል። «ጋሽ ሳሊህ፣ ይሄ ፍየል ይጎዳል?» ያያሉ፤ በአጭሩ ይመልሳሉ። የሳቸው መልስ ላይ ሌላ መልስ አይጨመርም። ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ በአደባባይ «አይደለም» ማለት ደግሞ በዚያ አገር ነውር ነው፤ ልጅም ያውቀዋል።

አሁን ግን አያዩም።

የዓይናቸው ሞራ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ የሩቁ ሰው ጠፋ። ከዚያ የቅርቡ ሰው ፊት ጠፋ። በመጨረሻ የቀራቸው ብርሃንና ቀለም ብቻ ነው፤ ቢጫው ቢጫ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ሁሉም እንደ ፈሰሰ ቀለም የተንጣለለ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ አዳማ ሄደው ቢያስገፈፉት ቀላል መሆኑን ነግራቸዋለች። አልሄዱም። ለመሄድ የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል፤ ለሚወስደው ሰው መንገር ያስፈልጋል።

ደበቁት። ሰውን በድምፁ ያውቁታል፤ መስጊድ ውስጥ የሚቀመጡባትን ምሰሶ በእጃቸው ያገኟታል። ቅጠል ሲመጣላቸው በጣታቸው ያሹታል፣ ያሸቱታል፣ ይመልሳሉ። እስካሁን አልሳቱም። ሰዉ እንዲያውም ይህን የሙያ ጥግ አድርጎ ያወራው ጀመር። «ድሮ በዓይኑ ነበር፤ አሁን ከዓይን አልፏል» ይሉ ነበር። እሳቸውም ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታው ጥሟቸው ነበር።

ሑስና በስልኳ ፎቶውን ያሳየቻቸው ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። የሚያበራ ጠፍጣፋ ነገር ፊታቸው ላይ ያዘችላቸው። «አዩት አባባ? ቅጠሉን አዩት?» አለች። ስልኩን አራቅ አድርገው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ «አበባ በመስታወት አይታወቅም። መሬቱ ላይ ውሰጂኝ» አሏት። ሑስና ሳቀች። እጃቸውን ሳመች። «እውነትዎን ነው። የኛ ትምህርት ቤት ሰዎችም ይሄን ቢያውቁት» አለች።

መሬቱ ላይ ወሰደቻቸው። ያሰቡት ቀላል ነበር፤ ነቅለው ያሹታል፣ ያሸቱታል። ከአበባው አጠገብ ሲደርሱ ግን ሑስና ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ፣ «እንዳይነቅሉት አባባ፣ በጣም ጥቂት ነው የቀረው» አለቻቸው በጆሯቸው።

ዝቅ ብለው ሳይነቅሉ በጣታቸው ሊዳብሱት ይችሉ ነበር። ዙሪያቸውን ግን ሰው ቆሟል። ኮሚቴው አለ፤ የቶኩማ ጓደኞች አሉ፤ ከብት አርቢዎቹ አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተንበርክኮ አሸዋ መዳበስ የዕውር ነው። ቀና እንዳሉ ቀሩ። ቢጫ ነው፤ መሬት ላይ የተለጠፈ ነው፤ በዚህ አሸዋ ላይ ሌላ ምን ይበቅላል? ብለው ሊሆን የሚችለውን ተናገሩ።

ከሜዳው በባጃጅ ተመለሱ። ሑስና ቤት ገብታ ምሳ አቀረበች፤ ሻይ አፈላች። ዕቃ ስታጥብ ድምፅ አታሰማም ነበር። ቁጣ ቢኖር ኖሮ ሳህኑ ይናገር ነበር።

«ተቀየምሽኝ?» አሏት።

«ኧረ አባባ! በምን?» መጥታ ከፊታቸው ተቀመጠች። «ሞኝ ነኝ እንጂ። ቅጠሉ የተለየ መስሎኝ ነበር። ፈለግኩት መሰለኝ፤ ሰው የፈለገውን ነው የሚያየው። ድርቁ ቅርፁን ቀይሮት ይሆናል። እርስዎ አይተው ኩርንችት ካሉ ኩርንችት ነው።»

ጋሽ ሳሊህ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«መምህርሽስ?»

«እጽፍለታለሁ። ተሳስቻለሁ፣ የላክሁትን ይተዉት እለዋለሁ። ሌላ ርዕስ መፈለግ ነው።» ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ርዕሱ አይደለም የሚቆጨኝ። ቅጠል ማየት እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ። ትዝ ይልዎታል? ጓሮ ወስደው ‹ዝም ብለሽ እዪው፤ እስኪነግርሽ እዪው› ይሉኝ ነበር። አየሁት አባባ፤ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ አየሁት። እንዴት እንዲህ እሳሳታለሁ?»

ያኔ መናገር ነበረባቸው። ቤት ውስጥ ሁለት ብቻ ናቸው። አፋቸውን ከፈቱ።

«ሻይ ጨምሪልኝ» አሉ።

ጨመረችላቸው። ከሰዓት በኋላ ወደምትኖርበት አዳማ ተመለሰች።

በማግስቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ከመክረሯ በፊት፣ ጋሽ ሳሊህ ብቻቸውን ወጡ። የአስፋልቱን ጠርዝ በከዘራቸው እየነኩ ሄዱ። ጥቁሩ አሸዋ እግራቸው ሥር ሲንኮሻኮሽ ከመንገዱ ወረዱ። ነፋሱ ዝም ብሏል። ማንም አለመኖሩን አዳመጡ። ከዚያ ከዘራውን አስቀምጠው ተንበረከኩ።

ሲዳብሱ ብዙ ቆዩ። በመጀመሪያ ድንጋይ፤ ከዚያ ደረቅ ግንድ። ከዚያ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጣታቸውን ነካው። ኩርንችት ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው፤ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ተሰልፎ የላባ መልክ አለው። ይህ አልተሰለፈም። አንድ፣ ለብቻው፣ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ ነው፤ ሲነኩት እንደ ሩዝ ፍሬ ይንሸራተታል። ግንዱ ላይ የኩርንችት ፀጉር የለም። ሌላውን ዳበሱ። ያው ነው። ሌላውንም ዳበሱ። ያው ነው።

ለማወቅ የጣት ጫፍ ይበቃ ነበር።

«አከም ቡልተን፣ ኦቦ ሳሊህ? ደህና አደሩ? ምን ጠፋብዎ?»

የሴት ድምፅ ነው። ቀመሪያ፤ በሜዳው ጠርዝ የምትኖር ከብት አርቢ። ትናንትም ከአርቢዎቹ ጋር እዚያው ቆማ ነበር። የፍየሎቿን ኮቴ እንዴት እንዳልሰሙት አላወቁም።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ቀመሪያ። ምንም አልጠፋብኝ» አሉ። ለመነሳት ከዘራቸውን ፈለጉ። እጃቸው ባዶ አሸዋ ዳበሰ። ግራ ዳበሰ፤ ቀኝ ዳበሰ። ከዘራው የት እንዳለ አላገኙትም።

ቀመሪያ መጥታ ከዘራውን አንስታ እጃቸው ላይ አደረገችው። ከፊታቸው ሁለት ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

«ዋይ» አለች ቀስ ብላ። «ከመቼ ጀምሮ?»

ቆመው አሸዋውን ከጉልበታቸው አራገፉ። «ይሄ ነገር ምን ትሉታላችሁ?» አሏት።

«ስም አላወጣንለትም። ፍየል አይበላውም፤ እኛም አናየውም።»

«ኩርንችት ግን አይደለም።»

«አይደለማ። እሾህ የለውም። ልጆቻችን ባዶ እግራቸውን ሲሯሯጡበት ነው የሚውሉት።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አላችሁ?»

«እርስዎ ከተናገሩ በኋላ?» ቀመሪያ የማይጠየቅ ነገር የተጠየቀች ያህል ተገረመች። «በዚያ ላይ ሆን ብለው መስሎን ነበር።»

«እንዴት ሆን ብዬ?»

«ለማኅበሩ ልጆች ሲሉ ነዋ። ማቆሚያው ከተሠራ ሥራ ያገኛሉ። ባለቤቴ ቤት ገብቶ ‹ሽማግሌ ማለት ይሄ ነው፤ የገዛ ልጁን አሳፍሮ አገሩን ጠቀመ› አለ። እኔ ግን ለልጅቷ አዘንኩላት። ፊቷን አይተዋት ነበር?» ከዚያ የተናገረችውን አስታወሰች መሰል አፏን በእጇ ያዘች። መዳፏ ከንፈሯ ላይ ሲያርፍ ሰሙት።

«አላየኋትም» አሉ ጋሽ ሳሊህ።

ልሸኝዎት አለቻቸው። አይሆንም አሏት። እየሄዱ ሳለ ግን ከኋላቸው ራቅ ብላ ፍየሎቿን እስከ አስፋልቱ ስትነዳ ሰሟት። ፍየሎቹ ወደዚያ የሚወስዳቸው ምንም ሣር አልነበረም።

ቀኑን ሙሉ ቤታቸው ተቀመጡ። ያስጨነቃቸው አበባው አይደለም። ስለ አበባው «ተሳስቻለሁ» ማለት ይቻላል፤ ሰው ይሳሳታል። ያስጨነቃቸው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። እርስዎ ኩርንችትን እንዴት ይስታሉ? ይሏቸዋል። እዚያ ሳይደርሱ ነገሩን መጨረስ ይቻል እንደሆነ አሰቡ። አጭር ንግግር፤ ሁለት ቃል። ከዚያ ሰላምታ ሰጥቶ መውጣት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄዱ። ሑስናም ከአዳማ መጥታለች፤ ጥያቄዬን ትቻለሁ ብላ እንድትፈርም ተጠርታ ነው። ወንበር አመጡላቸው። አልተቀመጡም።

«ረቡዕ የተናገርኩት ልክ አይደለም» አሉ። «ኩርንችት አይደለም። የማላውቀው አበባ ነው። ተሳስቻለሁ።»

ደገፋ ሳቀ። የንቀት ሳቅ አይደለም፤ ሞቅ ያለ፣ አክብሮት ያለበት ሳቅ ነው።

«ኦቦ ሳሊህ፣ ይገባናል። እኛም ልጆች አሉን። ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትውል አባት እንዴት ይችላል?»

«ለሷ ብዬ አይደለም።»

«ይሁን፣ ይሁን። ግን ረቡዕ የተናገሩት ስሜት ሳይገባበት ነው፤ እሱን ነው የምንይዘው።»

«ፋዘር፣ ሙት አንሰማም!» አለ ቶኩማ ከኋላ። «እርስዎ ኩርንችት ጠፋኝ ሲሉ እኔ ቮልቮ ከባጃጅ መለየት አቃተኝ እንደማለት ነው። ሼም ነው፣ በራስዎ ላይ አይዋሹ።»

ሰው ሳቀ፤ አሁንም በፍቅር። አንድ ሰው ከጎን «አላህ ያቆይልን፤ ለልጅ ሲል ስሙን የሚጥል አባት» ሲል ሰሙ። ሌላው አሜን አለ። ለረጅም ዓመታት የገነቡት ስም ስህተታቸውን ከቦ ይጠብቀው ነበር፤ ራሳቸውም ሊያልፉት አልቻሉም።

ሑስና ተነሳች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «አባባ፣ ይብቃዎ። ለኔ ብለው እንዲህ አይሁኑ። ሰው ፊት አያሳንሱ ራስዎን። እኔ ተቀብዬዋለሁ እኮ።»

እሷም አላመነቻቸውም።

እዚህ ላይ መውጣት ይችሉ ነበር። መጥተዋል፣ ተናግረዋል፣ አልተሰሙም። ማንም አይወቅሳቸውም፤ እንዲያውም ከገቡበት የበለጠ ተከብረው ይወጣሉ። በሩ በየት በኩል እንዳለ ያውቃሉ፤ ብርሃኑ ነጭ ሆኖ ይታያቸዋል። እግራቸው ወደዚያ ሊዞር ሲል ታወቃቸው።

«አላይም» አሉ።

«ምን አሉ?» አለ ደገፋ።

«ዓይኔ አያይም። ረቡዕ አላየሁትም። ቢጫ ነገር አየሁና ገምቼ ተናገርኩ።»

አሁን የሳቀ የለም። ወንበር ሲንሸራተት፣ አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ከዚያ ወደ ፊት የሚመጣ ጫማ ሰሙ፤ ከፊታቸው ቆመ።

«ፋዘር፣ ይሄ ስንት ነው?»

«ቶኩማ!» ደገፋ ጮኸ። «አታፍርም?»

«ተወው» አሉ ጋሽ ሳሊህ። «ይጠይቅ፤ መጠየቅ አለበት። እጅህን አንስተህ እንደሆነም አላውቅም፣ ልጄ።»

የቶኩማ ጃኬት እጅጌ ከፍ ካለበት ቀስ ብሎ ሲወርድ ሰሙት።

«አላነሳሁም፣ ጋሼ» አለ፣ አፍሮ። ከዚያ በኋላ ፋዘር አላላቸውም።

ሰዉ ያመናቸው ያን ጊዜ ነው። ማመኑም በዚያ ብቻ አልቆመም። ጉቱ የሚባለው፣ ከገበያው ጀርባ ላሞች የሚያረባው ሰው ተነሳ። «ጋሽ ሳሊህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በክረምቱ ላሜ የበላችውን ቅጠል ይዤ መጥቼ ነበር። ‹ምንም አትሆንም፣ ሂድ› አሉኝ። ያኔስ ያዩ ነበር?»

«አሽትቼ ነው።»

«እውነት ነው፣ ምንም አልሆነችም። ግን ባይሸት ኖሮስ?»

ጉቱ መልስ ሳይጠብቅ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሌሎች አልጠየቁም። ዝምታቸው ግን የመከባበር አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ያመጣውን ቅጠል፣ የሰጠውን መኖ፣ አምኖ የለቀቀውን ፍየል በልቡ ወደ ኋላ ሄዶ ይቆጥር ነበር። ያ ቆጠራ ሲካሄድ በመካከላቸው መቆም ከባድ ነው። ወንበሩ ከኋላቸው ነበር፤ ፈልገው እንዳይዳብሱ ብለው ቆሙ። ከዚያ ለማን ብለው እንደሚደብቁ ጠፋቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው፣ ሁሉም እያየ፣ ወንበሩን ዳብሰው ተቀመጡ።

«ስልኬን ሳሳይዎትስ?» አለች ሑስና። ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም።

«አላየሁም።»

«መሬቱ ላይ ውሰጂኝ ያሉኝስ?»

«ለማምለጥ ነው።»

«እሺ። ቤት፣ ምሳ በልተን፣ እንዴት እንዲህ እሳሳታለሁ ስልዎትስ?»

«እሱን ለመስማት ዓይን አያስፈልገኝም ነበር» አሉ። «ሰማሁሽ። ዝም አልኩ።»

ሑስና ቁጭ አለች። ለመምህሯ ጽፋለታለች፤ ረቡዕ ማታውኑ። ለደገፋ ስትነግረው ሰሙ። መልሳ ልትጽፍ ነው፤ ምን ብላ እንደምትጽፍ ግን አታውቅም። አንዴ ተሳስቻለሁ ያለች ተማሪ እንደገና አልተሳሳትኩም ስትል ማን ይሰማታል?

«እውነቱን ጻፊለት» አሉ ጋሽ ሳሊህ።

«እውነቱን ብጽፍ እርስዎን ማንሳት ሊኖርብኝ ነው።»

«አንሺኝ። ማየት የማይችል ሰው አይቻለሁ ብሎኝ አመንኩት በይው።»

ደገፋ ጉሮሮውን ጠረገ። ግሬደሩ ሰኞ አይገባም አለ፤ የመምህሩ መልስ እስኪመጣ ሜዳው ባለበት ይቆያል። ቶኩማ ሊቃወም ጀምሮ ተወው። ለማኅበሩ ልጆች ሌላ ተስፋ እንዳልተሰጣቸው ጋሽ ሳሊህ ልብ አሉ። የሳቸው ጥፋት ሑስናንም የማኅበሩን ልጆችም አቁስሏል።

ሲወጡ ፀሐዩ ፊታቸውን መታው፤ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ሑስና ትጠብቃቸው ነበር። እጃቸውን አልያዘችም። ከፊት ከፊት ሄደች፤ እሳቸውም ኮቴዋን ተከተሉ። ማክሰኞ አዳማ ዓይን ሐኪም ዘንድ እንደሚሄዱ ዞር ሳትል ነገረቻቸው። ልሂድ አልሂድ የለውም፤ ቀጠሮውን ራሷ ትይዛለች። እሺ አሉ። ከዚያ የተናገረችው ሁሉ አጭር ነው።

«ቦይ።»

ተሻገሩ።

«ባጃጅ ቆሟል። በቀኝ።»

በቀኝ አለፉ። ድምፅዋ ቂም አለበት፤ ቢሆንም አንድም ነገር ሳትነግራቸው አላለፈችም። እንዲህ ሲነገራቸው የመጀመሪያቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነጋሪ ነበሩ።

ከሱቆቹ ፊት ለፊት ሲደርሱ አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ ሰላም አላቸው። ድምፁን ያውቁታል፤ ባለሱቁ ፈሪድ ነው። ለዘመናት በየቀኑ በዚያ ደጃፍ ሲያልፉ ይኸው ሰው «ጋሽ ሳሊህ፣ ሰላም ዋሉ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «ደህና ዋልክ» ብለው ያልፋሉ። ወሬው ከአዳራሹ ቀድሟቸው ወጥቷል።

«ሰላም ዋሉ፣ ጋሽ ሳሊህ» አለ። ቆየና፣ ድምፁን ለስለስ፣ ቃሉን ዘርዘር አድርጎ ጨመረ፤ «ፈሪድ ነኝ።»

ጋሽ ሳሊህ አንገታቸውን ሰበሩ።

«ደህና ዋልክ፣ ፈሪድ» አሉ።

«ድንጋይ» አለች ሑስና ከፊት።

እግራቸውን አነሱ።